የአምቦ ልጅ በየትኛው ቋንቋ ንስሐ ይግባ?

ጥር 2015ን ታስታውሳላችሁ አይደል? ጥቁር የተለበሰበትን፣ ከዚያ በየካቲት ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ያለ ቪፒኤን አልከፈት ያሉበትን ጊዜ ማለቴ ነው። ነገሩ የጀመረው ከአምቦ ብዙም ሳይርቅ ነበር። ጥር 14 በጎረቤታችን ደቡብ ምዕራብ ሸዋ፣ ወሊሶ አካባቢ ባለው የሃሮ በዓለ ወልድ ቤተ ክርስቲያን ሦስት ሊቃነ ጳጳሳት 26 ኤጲስ ቆጶሳትን ሾምን አሉ። ሲኖዶሱ ጥር 18 አወገዛቸው። ሰው ሞተ። የካቲት 8 ስምምነት ላይ ተደረሰ፤ ሐምሌ 9 ደግሞ ሲኖዶሱ ራሱ 9 ኤጲስ ቆጶሳት ሾመ፣ አብዛኞቹን ለኦሮሚያ።

ያኔ ሁላችንም የተጨቃጨቅነው ስለ ሹመት ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ጥያቄ ያለው ታች፣ አጥቢያው ላይ ነው።

ጉደር ወይም ጌዶ ያለች የ19 ዓመት ልጅ አስቡ። ቤቷም ትምህርት ቤቷም አፋን ኦሮሞ ነው። ቅዳሴው ግእዝ ቢሆን ግድ የለም፣ ግእዙን አማርኛ ተናጋሪውም አይሰማውም! ስብከቱ በአማርኛ ሲሆን ግን ግማሹ ያመልጣታል። ንስሐ አባቷ ፊት ስትቀርብ ደግሞ ይብሳል። ሰው የሚያፍርበትን ነገር አፉን ባልፈታበት ቋንቋ እንዴት ዘርግፎ ይናገራል? አጭር አድርጋ ትናገራለች፣ "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ትባላለች፣ ትሄዳለች። ስምምነቱ በአፋን ኦሮሞ የሚያገለግሉ ካህናትን ስለማፍራትም ያነሳል። ካህን ግን እንደ ሹመት በአንድ ቀን አይገኝም፣ ዓመታት ይፈልጋል።

በ1987ቱ ቆጠራ በሀገር ደረጃ ፕሮቴስታንቱ 10.2 በመቶ ነበር፣ በ1999ኙ 18.6 ሆነ። ኦርቶዶክሱ ከ50.6 ወደ 43.5 ወረደ። "በእርዳታ ነው የሚወስዷቸው" የሚለው መልስ ለእኔ አይበቃኝም። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክሞ መጽሐፍ ቅዱስን በአፋን ኦሮሞ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ከዚያም አምቦን አልፎ በሚሄደው መንገድ ላይ ባለችው ነቀምቴ ተቀምጦ አስተማረ። ዛሬም አሥር ሰው ሳሎን ውስጥ ተሰብስቦ የሚያጠናበት የቤት ኅብረት አለ፤ ሁለት ሳምንት ከቀረህ አንዱ ይደውልልሃል።

እነሱም ጋ ቢሆን ሁሉ አማን አይደለም። ስታዲየም ሙሉ ኮንፈረንስ፣ ላይቭ ትንቢት፣ "እጃችሁን አንሡ"... እጁን ያነሳውን ልጅ በማግስቱ ማን ያውቀዋል?

አምቦ ዩኒቨርሲቲ ያለው ተማሪ ይሻላል። ኦርቶዶክሱ ግቢ ጉባኤ፣ ጴንጤውም የራሱ ፌሎሺፕ አለው። ተመርቆ ሥራ አጥቶ ባኮ ቤተሰቡ ጋ ሲመለስ ነው ሁሉም የሚረሳው። በጣም አጽናኝ የሚፈልገውም ያኔ ነው።

(አዎ፣ ይህንንም የጻፍኩት በአማርኛ ነው። ገብቶኛል።)

የአምቦ፣ የጊንጪ፣ የባኮ ልጆች፦ ባለፈው ከቤተ ክርስቲያን ስትጠፉ ማን ደወለላችሁ? በየትኛው ቋንቋ?