ስሙን የተቀማ ኩታ

በቅርቡ ወደ አንድ የጨርቅ መደብር ገብቼ ሳለሁ ነጋዴው ራሱን ያዘነበለ የእንባ ጠብታ የሚመስል ሐረግ የሞላበትን የትከሻ ልብስ አሳየኝና «የኔታ፣ ይህ ፔዝሊ ይባላል፤ የስኮትላንድ ሰዎች ጥበብ ነው» አለኝ። እኔም ገዢ ሆኜ ስላልገባሁ ዝም ብዬ ወጣሁ። ዳሩ ግን ዝም ማለቴ ቆጨኝ፤ በሐሰት ፊት ዝም ማለት ሐሰትን እንደ ማጽደቅ ነውና። ስለዚህ በዚያን ዕለት በአፌ ያልመለስሁትን ዛሬ በብዕር እመልሳለሁ። የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ያ ሐረግ በካሽሚር አገር ቡታ ይባላል። ካሽሚር በሂማላያ ተራሮች መካከል ያለ ሸለቆ ነው፤ ሻል የተባለው ባለጥለት ኩታም በዋናው ከተማ በስሪናገርና በአካባቢው ሲሠራ ኖሯል። የሚሸመነው ከፓሽም ነው፤ ይኸውም በላዳክና በቲቤት ደጋ የሚሰማሩ ፍየሎች ከብርዱ ጽናት የተነሣ ከሻካራው ጠጉራቸው ሥር የሚያበቅሉት ለስላሳ ጠጉር ነው። ብርዱ ሲያልፍ ይህ ጠጉር ከፍየሉ ላይ በማበጠሪያ ይወሰዳል፤ ነጋዴም ወደ ካሽሚር ያወርደዋል፤ በዚያም ሴቶች በቤታቸው ተቀምጠው ሻካራውን ከለስላሳው እየለዩ በእጃቸው ይፈትሉታል።

የሽመናውም ሥርዐት የሚያስደንቅ ነው። ንድፉን የሚያወጣው ባለሙያ ነቃሽ ይባላል፤ የእኛን ንቅሳት የሚያስታውስ ቃል ነው። ከእርሱ ቀጥሎ ቀለም ነጋሪው ከንድፉ ግርጌ ጀምሮ ምን ቀለም በስንት ድር ላይ እንደሚያልፍ በቃሉ ይጠራል፤ ጸሐፊውም የተጠራውን በልዩ ምልክት ይጽፈዋል። ይህ ጽሕፈት ታሊም ይባላል፤ በዐረብኛ ትምህርት ማለት ነው። ሸማኔው ሥዕሉን ሳይሆን ታሊሙን እየተከተለ ይሠራል፤ መሪ ጌታ የዜማውን ምልክት ተከትሎ እንደሚያዜም ማለት ነው። ጥለቱን ሲሠራ መወርወሪያ የለውም፤ ለየቀለሙ ትንሽ የእንጨት ቀሰም አለው፤ የአንዱ ቀለም ማግ ድርሻውን ፈጽሞ ሲመለስ ከጎረቤቱ ማግ ጋር ይቆላለፋል። ከሁሉ ይልቅ የሚደንቀው ግን ሲሠራ ወደ ሸማኔው የሚዞረው የልብሱ ጀርባ መሆኑ ነው፤ ፊቱ ወደ ታች ነው። ሰሙን እያየ ወርቁን የሚሠራ ባለቅኔ ቢባል አይበዛበትም። ሁለትና ሦስት ሰዎች በአንድ የሽመና ዕቃ ላይ ተቀምጠው አንዱን ምርጥ ሻል ለመፈጸም ከዓመት በላይ ይፈጅባቸው ነበር።

እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ሰው ምን አገኘ? በአፍጋኖች ዘመን በሻሉ ላይ የከበደው ግብር ከ1819 ጀምሮ አገሩን በገዙት በሲኮችም ዘመን አልቀለለም። በ1822ና በ1823 በካሽሚር የተቀመጠው እንግሊዛዊ ዊልያም ሙርክሮፍት የሥራውን ሥርዐት ሲጽፍ የሸማኔውንም ድህነት ጽፏል። በ1846 እንግሊዞች በአምሪትሳር ውል አገሩን በ7,500,000 ሩፒ ለጉላብ ሲንግ በሰጡ ጊዜ፣ በየዓመቱ አንድ ፈረስ፣ 12 የሻል ፍየሎችና ሦስት ጥንድ የካሽሚር ሻል እንዲገብርላቸው በውሉ አስገቡ። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ሻሉ በመንግሥታት ውል በክብር ተጻፈ፤ ሻሉን የሠራው ሰው ግን ከነአገሩ ተሸጠ። በአፕሪል 29 ቀን 1865 ሸማኔዎቹ ግብሩ ቢከብዳቸው በስሪናገር ዛልዳገር በሚባለው ስፍራ ተሰብስበው ቢጮሁ ወታደር ታዘዘባቸው፤ ከሸሹትም ውሃ የበላቸው አሉ።

በዚያው መቶ ዓመት ሻሉ በአውሮፓ ወይዛዝርት ትከሻ ላይ ይከብር ነበር። የናፖሌዎን ሚስት ዮሴፊን ብዙ ሻል እንደ ነበራት የታወቀ ነው። ዋጋው ውድ ስለሆነ የኤድንብራና የኖርዊች ሸማኔዎች፣ ከ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ወዲህም በስኮትላንድ ያለችው የፔዝሊ ከተማ፣ ጥለቱን እየቀዱ ይሠሩ ጀመር። ፈረንሳዊው ዣካር በ1804 ያወጣው፣ በተበሳ ካርቶን የሚመራው የሽመና ዕቃ በየአገሩ በተስፋፋ ጊዜ ቅጂው ፈጠነ፤ ረከሰም። ዋናውን ከቅጂው ለመለየት የሚሻ ሰው ልብሱን ይገልብጠው። በፔዝሊው ማጉ ከዳር እስከ ዳር ስለሚሮጥ፣ በፊቱ ያልተፈለገው ቀለም በጀርባው ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ወይም በስለት ተቆርጦ ይታያል። በካሽሚሩ ግን እያንዳንዱ ቀለም ከወሰኑ ይመለሳል። ልብሱስ በጀርባው እውነቱን ይመሰክራል፤ የዋሸው ስሙ ነው። ቡታ በቀጂው ከተማ ስም ፔዝሊ ተባለ፤ ዓለምም ሳይመረምር ተቀበለው።

«ካሽሚርስ ራሱ ቡታን ከፋርስ አልወሰደምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፤ ጥለቱ ከፋርስ ጥበብ ጋር የተዛመደ ነው፤ በሙጋል ነገሥታት ዘመን ከነበረው የአበባ ሥዕልም ተነሥቶ መልኩን እየለወጠ የመጣ ነው። ዳሩ ግን ቡታ የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከፋርስ ቋንቋ ነው። ካሽሚር ሐረጉን ሲወስድ ስሙንም አብሮ ወሰደ እንጂ የስሪናገር አበባ ብሎ አልሰየመውም። ልዩነቱ ይህ ነው። መዋስ ነውር አይደለም፤ ያልተዋሰ ጥበብ በምድር ላይ የለም። በቅኔ ቤትም ደቀ መዝሙር የሌላውን ቅኔ ይነግራል፤ ነገር ግን «የእገሌ ቅኔ ነው» ብሎ ነው። ባለቤቱን ሳይጠራ የራሱ አስመስሎ ቢነግር በጓደኞቹ ፊት ያፍራል።

ሌላው ደግሞ «የፔዝሊ ሸማኔ ምን በደለ?» ይለኝ ይሆናል። እርሱንስ አልከስም። የፔዝሊ ሸማኔ ባለሙያ ነበረ፤ ባለቅኔም ነበረ፤ በ1774 በዚያች ከተማ የተወለደው ገጣሚው ሮበርት ታናሂል በሽመና ያደረ ሰው ነው። ሸማኔውም ተርቧል፤ ንግሥት ቪክቶርያ በ1842 የፔዝሊን ሻል የገዛችው ከተማው በሥራ ማጣት በተጨነቀበት ወራት ነው። በ1870ዎቹ የወይዛዝርት ቀሚስ ቅርጽ ቢለወጥ ሻል ከትከሻ ወረደ፤ የፔዝሊም የሽመና ዕቃ ዝም ይል ጀመር። ከ1870 እስከ 1871 በነበረው ጦርነት የፈረንሳይ ገበያ የጠፋበት የካሽሚር ሸማኔ ደግሞ በ1877 የጀመረው ረኃብ ደረሰበት፤ ብዙውም አለቀ። ስለዚህ ሁለቱ ሸማኔዎች በመከራ ወንድማማች ናቸው። እኔ የምከሰው ስሙን ለውጦ የሚሸጠውን ነጋዴና ሳይጠይቅ የሚለብሰውን ገዢ ነው።

«ስም ምን ያደርጋል? ልብሱ ካማረ ይበቃል» የሚለው ግን ከሁሉ ይልቅ የተሳሳተ ነው። ኦሪት ዘጸአት የድንኳኑን ሥራ ሲተርክ ባስልኤልንና ኤልያብን በየስማቸው፣ ከነወገናቸው ጠርቶ፣ ሽመናንና ጥልፍን ከጥበብ ሥራ ቆጥሮ ጽፏል። የባለእጅ ስም ከንቱ ነገር ቢሆን በዚያ ባልተጻፈ ነበር። ደግሞም ስም እንጀራ ነው። ዛሬ የፍየል ጠጉር ያልነካው የመኪና ልብስ ፓሽሚና እየተባለ በየአገሩ ገበያ ይሸጣል፤ በእጁ ፈትሎ በእጁ የሚሸምነው ሰው ከዚያ ዋጋ ጋር እንዴት ይወዳደራል? ስለዚህ በ2008 ካሽሚር ፓሽሚና የሚለው ስም በሕንድ አገር በሕግ ተመዝግቦ ለአገሩ ሥራ ተጠበቀ። ስም ዋጋ ባይኖረው ሐሰተኛው ባልሰረቀው፣ ባለቤቱም በሕግ ባላጠረው ነበር።

አንባብያን ሆይ፣ ነገሩ ሩቅ አይምሰላችሁ። ሸማኔያችን ከድሩ መካከል በእጁ እያስገባ የሚሠራውን ጥበብ አስመስሎ በመኪና የታተመ ጨርቅ በገበያችን አለ። እኛም በበዓል ቀን ኩታውን በክብር ስንለብስ፣ ሸማኔ የሚለውን ስም ግን ለስድብ ስናውለው ኖረናል። ሠሪውን እየናቅን ሥራውን ካከበርን፣ ነገ ሌላ ከተማ ጥለታችንን በራሱ ስም ቢጠራው በምን አፍ እንከሰዋለን? ስሙን አስቀድመን ያረከስነው እኛው ነንና።

ስለዚህ የሚለብስ ሁሉ ሳይገዛ በፊት ማን ሠራው፣ የት ተሠራ፣ በእጅ ነው ወይስ በመኪና ብሎ ይጠይቅ፤ የሚጽፍም ቡታን ቡታ፣ ጥበብን ጥበብ ብሎ ይጻፍ። እኔም ወደዚያ ነጋዴ ተመልሼ እሄዳለሁ፤ «ልጄ፣ እስቲ ልብሱን ገልብጠህ አሳየኝ» ብዬ እጀምርለታለሁ።