ርዕሰ አንቀጽ፦ ጠበቃው ከለቅሶው በፊት



በሰፈራችን ሰው ሲያርፍ ዕድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ንፍሮ ይቀቀላል፣ ሐዘንተኛውም ብቻውን አይተውም። በዚህ በኩል የሚወቅሰን የለም። ነገሩ የሚበላሸው ድንኳኑ ከተነሣ በኋላ ነው። አርባው ሳይወጣ «ካርታው የት ነው?» ይባላል። ከዚያ ወንድም ከእኅት፣ የእንጀራ ልጅ ከእንጀራ እናት ጋር ፍርድ ቤት ይቆማሉ። አብረን ያለቀስነው ጎረቤቶችም፣ አንዳችን ለዚህ ሌላችን ለዚያ ምስክር ሆነን ስንመላለስ እንከርማለን።

ይህች ሰሌዳ ዛሬ የምትለው አንድ ነገር ነው። ስለ ውርስና ስለ ትዳር የሕግ ባለሙያ መያዝ የሚገባው ሰው ጤነኛ፣ ቤቱም ሰላም ሳለ ነው። እኛ ግን ጠበቃ የምንፈልገው መጥሪያ ሲደርሰን ነው። በዚያን ጊዜ ጠበቃው የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ሟቹን አስነሥቶ እንደገና አያስፈርመውም።

በመጀመሪያ የሚስትን ነገር እናንሣ። «እኔ ብሞት ቤቱ የእሷ ነው፤ ሌላ ማን አለ?» የሚሉ አባወራዎች ብዙ ናቸው። ሕጉ ግን እንዲህ አይልም። በ1952 ዓ.ም. የወጣውና ዛሬም በውርስ ጉዳይ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ኑዛዜ በሌለ ጊዜ በመጀመሪያ የሚጠራው ልጆችን ነው፤ እነርሱም እኩል ይካፈላሉ። ልጅና የልጅ ልጅ ከሌለ ወደ ወላጆች፣ ከዚያም ወደ ሌሎች ዘመዶች ይሄዳል። ሚስትም ሆነች ባል ከእነዚህ ወራሾች ውስጥ አልተቆጠሩም። የሚስት ድርሻ ከጋራ ንብረቱ ግማሹ ነው፤ እሱም ቢሆን ውርስ ሳይሆን ድሮውንም የራሷ ሀብት ነው። ልጅ ያልወለደች ሚስት እንደሆነች፣ ቀሪው ግማሽ ከአገር ቤት ለሚመጣው የባል ወንድም ሊደርስ ይችላል። ቤቱ ከጋብቻ በፊት የባል የግል ንብረት ከነበረማ ከቤቱ ግማሹም ላይኖራት ነው። ሠላሳ ዓመት እንጀራ የጋገረችበት ቤት እኮ ነው!

ይህን በኑዛዜ ማስተካከል ይቻላል። ለእሷ ምን ያህሉን፣ ለልጆቹ ምን ያህሉን ማድረግ እንደሚቻል ግን የባልና የሚስቱን ታሪክ፣ የቤቱን አመጣጥና የልጆቹን ቁጥር ሰምቶ የሚመክር የሕግ ሰው ይጠይቃል።

ኑዛዜ ሲባል ደግሞ ብዙዎቻችን የሚታየን አልጋ ላይ ያለ ሕመምተኛና በዙሪያው የተሰበሰቡ ሽማግሌዎች ናቸው። ሰውየው በደከመ ድምፅ ይናገራል፣ ሁሉም «እሺ፣ እሺ» ይላል። በሕጉ ዓይን ይህ የቃል ኑዛዜ ነው፤ የሚያገለግለውም ለጥቂት ነገር ብቻ ነው። ይኸውም ለቀብሩ ሥርዓት፣ እያንዳንዱ ከ500 ብር ላልበለጠ ስጦታ፣ አካለ መጠን ላላደረሱ ልጆች አሳዳጊነትና ሞግዚትነት ነው። ያውም ተናዛዡ ሦስት ወር በሕይወት ከቆየ ይፈርሳል። ቤት በቃል ኑዛዜ አይተላለፍም፤ ሽማግሌዎቹ ምንም የተከበሩ ቢሆኑ።

በጽሑፍ የሚደረገውም የራሱ ሥርዓት አለው። በግልጽ የሚደረገው ኑዛዜ ተናዛዡ ራሱ ወይም ሌላ ሰው በቃሉ እየተነገረው ሊጽፈው ይችላል። ነገር ግን በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። መነበቡና ቀኑ በወረቀቱ ላይ መገለጽ፣ ተናዛዡና ምስክሮቹም ወዲያው መፈረም አለባቸው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ፣ ሬጅስትራር ወይም ውል አዋዋይ ከሆነ ሁለት ምስክር ይበቃል። እንግዲህ ሦስት ጎረቤት ጠርቶ ያስፈረመ ሰው፣ ወይም አራት አስፈርሞ «ተነበበ» የሚለውን ያስቀረ ሰው ምን አተረፈ? ለልጆቹ ያቆየላቸው የክርክር ወረቀት ነው። ምስክሮቹን ሲመርጥም ከውርሱ ጥቅም የሚያገኝ ሰው ባይገባበት ይሻላል።

ተናዛዡ በራሱ እጅ ብቻ የሚጽፈውም አለ። በዚህኛው ምስክር አያስፈልግም። ሙሉ በሙሉ የእሱ ጽሑፍ መሆን፣ ኑዛዜ መሆኑንም በግልጽ መናገር፣ በየገጹም ቀንና ፊርማ መያዝ ይኖርበታል። የልጅ ልጅ በኮምፒውተር ጽፎለት አያት ከሥሩ ቢፈርምበት ይህን አያሟላም። ደግሞም በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋ ያጣል። ሣጥን ውስጥ አሥር ዓመት የተኛ ወረቀት እንግዲህ ማስታወሻ ሆኖ ይቀራል።

ባልና ሚስት በፍቅር ተስማምተው በአንድ ወረቀት ላይ ኑዛዜያቸውን ያሰፍራሉ። ያምራል፤ ግን አይጸናም። ሕጉ ብዙ ሰዎች በአንድ ሰነድ እንዲናዘዙ አይፈቅድም፣ እያንዳንዱ የየራሱን ይጻፍ ይላል። እንደዚሁም «እገሌን ነቅዬዋለሁ» ብሎ ልጅን ከውርስ መንቀል የሚቻለው በቂ ምክንያቱ በኑዛዜው ላይ ሲጻፍ ነው። ንዴት ብቻውን ምክንያት አይሆንም።

አንዳንዶች «ልጄ ውክልና አለው፣ እሱ ይጨርሳል» ብለው ይተኛሉ። ውክልና ግን በመሠረቱ ከወካዩ ሞት ጋር አብሮ ያበቃል። በቀበሌ ቤት የምንኖር ደግሞ ልናውቀው የሚገባ ነገር አለ። ቤቱ የመንግሥት ነው፣ እኛ ተከራዮች ነን፣ ስለዚህ በኑዛዜ ለማንም አናስተላልፈውም። ኪራዩ ለቤተሰብ የሚቀጥልበትን ሁኔታ የሚወስነው የአስተዳደሩ መመሪያ ነው፤ እሱን ወረዳ ሄዶ መጠየቅ ነው።

ስለ ፍቺ ረጅም አንናገርም። አንዱን ብቻ እንጥቀስ። በአዲስ አበባ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ፍቺን የሚወስነው ፍርድ ቤት ብቻ እንዲሆን አድርጓል። በቀድሞው ሕግ የቤተ ዘመድ ሽምግልና ያፋታ ነበር፤ ዛሬ ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ አያፋታም። «በሽማግሌ ፊት ተለያይተናል» የሚል ወረቀት ኪሱ ይዞ ሌላ ያገባ ሰው ሲሞት፣ ሁለት ሴቶች በአንድ ለቅሶ ላይ ይገናኛሉ። ያለ ጋብቻ እንደ ባልና ሚስት ሆነው ከሦስት ዓመት ላላነሰ ጊዜ አብረው የኖሩ ሰዎች በዚያ ጊዜ ያፈሩት ንብረትም የጋራ እንደሚሆን ይኸው ሕግ ይናገራል። «አላገባኋትም» ብሎ ማምለጥ የለም ማለት ነው።

ታዲያ ማንን እንያዝ? ፍርድ ቤት በር ላይ ተቀምጦ ማመልከቻ የሚጽፈው ሰው እንጀራውን ይብላ፤ ጠበቃ ግን አይደለም። ጉዳይ ገዳዩም አይደለም። በፌዴራል ፍርድ ቤቶች የሚቆም ጠበቃ ፈቃድ ያለው ሰው ነው፤ ይህንንም የሚገዛው አዋጅ ቁጥር 1249/2013 ነው፣ ፈቃዱን የሚሰጠውም ፍትሕ ሚኒስቴር ነው። ፈቃድዎን ያሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። ሐኪም ቤት ገብተን ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ወረቀት እናይ የለም እንዴ? ቀጥሎ፣ በብዛት የሚሠሩት ምን ዓይነት ጉዳይ ነው ብሎ መጠየቅ ነው። የንግድና የግብር ክርክር ላይ የሚውል ጎበዝ ጠበቃ ለኑዛዜ የግድ ጎበዝ ላይሆን ይችላል። «ዳኛውን አውቀዋለሁ፣ በእርግጠኝነት እናሸንፋለን» የሚል ከሆነ ግን ሻይውን ጨርሰው ይነሡ።

ክፍያው በጽሑፍ ይሁን። ለምክር ስንት፣ ኑዛዜ ለማዘጋጀት ስንት፣ ክርክር ከመጣ ስንት፣ ይግባኝ ከተባለስ? ለተከፈለው ገንዘብ ሁሉ ደረሰኝ ይያዝ። ከንብረቱ ድርሻ ይሰጠኝ የሚል ውል ከቀረበ፣ ሳይፈርሙ አንድ ሌሊት ይደሩበት፣ ለሚያምኑት ሰውም ያስነብቡት። ዋናውን ካርታ አይስጡ፤ ኮፒው ይበቃል። በተለይ ውክልናውን ቃል በቃል ያንብቡ። ለክርክር የሚሰጥ ውክልና ሌላ ነው፣ «እንዲሸጥ፣ እንዲለውጥ» የሚል ሌላ ነው። ውልና ማስረጃ ሄዶ ወረፋ የሰለቸው ሰው ሳያነብ ይፈርማል፤ ችግሩም የሚጀምረው እዚያው መስኮት ላይ ነው። ውጭ አገር ያሉ ልጆቻችንም በኤምባሲ በኩል ውክልና ሲልኩ ይህንኑ ያስተውሉ። በፍቺ ጊዜ ደግሞ አንድ ጠበቃ ለባልም ለሚስትም ሊሆን አይችልም። «ሁለታችሁንም እጨርስላችኋለሁ» የሚል ካለ የአንዳችሁ ወገን መሆኑ አይቀርም።

የመክፈል አቅም የሌለው ሰውም መንገድ አለው። የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ምክርና ድጋፍ ይሰጣል። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላት አሏቸው።

ሰው የሞተባችሁና የወራሽነት ማስረጃ ገና ያላወጣችሁ ቤተሰቦች ካላችሁ «ሲረጋጋ እናወጣለን» እያላችሁ ዓመት አትቁጠሩ። ሌላ ሰው ያለ አግባብ ወራሽ ነኝ ብሎ ንብረቱን ከያዘ፣ እውነተኛው ወራሽ መብቱንና የንብረቱን መያዝ ካወቀ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ ካልከሰሰ፣ ክሱ በይርጋ ሊታገድ ይችላል። ሟች ካረፈ 15 ዓመት ካለፈ ደግሞ፣ ከዘር የወረደ የማይንቀሳቀስ ንብረት ካልሆነ በቀር፣ አውቆም ሳያውቅም በሩ ይዘጋል።

ሽማግሌዎቻችን በዚህ ጽሑፍ ቅር እንዳይላቸው። ማስታረቁን ጠበቃ አይችልበትም፤ እሱ የእነርሱ ሙያ ነው። የምንለው፣ ቤተሰቡን ሰብስበው ካስማሙ በኋላ የተስማሙበትን ወደ ወረቀት የሚያወርደው የሕግ ባለሙያ ይሁን ነው።

ወደ ጠበቃ ስትሄዱ የይዞታ ማረጋገጫውን፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀቱን፣ የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት፣ የባንክ ዕዳ ካለም ውሉን ያዙ። ኮንዶሚኒየሙ ከነዕዳው ነው የሚታሰበው። ሁሉንም ልጆች ንገሩት፤ ከትዳር ውጭ የተወለደ ካለም አትደብቁ። ሕጉ በውርስ በልጆች መካከል ልዩነት አያደርግም። ያ ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታወቀው በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ከሆነ፣ ለእሱም ለእናንተ ልጆችም ከባድ ቀን ነው የሚሆነው።