ስም የሌለው መቃብር

የአንድ ከተማ ዕድሜ በምን ይታወቃል? አንዳንዱ በመጀመሪያው ቤተ ክርስቲያን፣ አንዳንዱ በመጀመሪያው መስጊድ ወይም ትምህርት ቤት ነው ይላል። እኛ ግን በመቃብሩ ነው እንላለን። ነጋዴ ሱቁን ዘግቶ ይሄዳል፤ ወታደርም ሰፈሩን ለቆ ይዛወራል፤ አባቱን በዚያ አፈር የቀበረ ሰው ግን የዚያ አገር ሰው ሆኗል።

ይህን የምንጽፈው ከሐዋሳ ወደ ነገሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉትን ቦሬን፣ አዶላንና ነገሌን እያሰብን ነው። በእነዚህ ከተሞች ቀድመው የሠፈሩት ወታደሮች፣ ካህናት፣ ነጋዴዎችና ጸሐፊዎች የት እንዳረፉ የተጠየቀ እንደሆነ፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው መልስ «ከዚያ ዛፍ ሥር ይመስለኛል» የሚል የሽማግሌ ቃል ብቻ ነው። ባለጸጋው በሲሚንቶና በብረት አጥር ተከልሏል፤ በድኻው መቃብር ላይ ግን ሌላ ድኻ ይቀበርበታል።

«ቀድመው የሠፈሩት» ስንል ግን ብዕራችን ይጠንቀቅ። ከተማው በሰፋሪው ቢጀመር ምድሩ በእርሱ አልተጀመረም። ቀያሽ ገመዱን ሳይዘረጋ ጉጂውና ቦረናው በዚያ ምድር አባቶቹን ቀብሯል። የመቃብርን ድንጋይ ተራ የድንጋይ ክምር ነው ብሎ ለመንገድ ጠጠር የሚያዝ ሹም ቢኖር፣ ከቦሬ ብዙም ወደማይርቀው ወደ ጌዴኦ ይሂድና የቱቱ ፈላን ትክል ድንጋዮች ይይ። እነዚያም የመቃብር ምልክቶች ናቸው፤ የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ገብቷል። በኮንሶ ደግሞ ለጀግኖች መቃብር ከእንጨት የተቀረጹት ዋካዎች ብዙዎቹ ተሰርቀው ተሸጠዋል። ባለቤቱ የናቀውን ሌባ ዋጋውን ያውቅለታል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳዝነን ግን የ1928 ዓ.ም. ነገር ነው። ታኅሣሥ 20 ቀን በመልካ ዲዳ የስዊድን ቀይ መስቀል ሐኪሞች ድንኳን በኢጣልያ አውሮፕላኖች ተደበደበ። በጥር ወር ደግሞ የራስ ደስታ ዳምጠው ሠራዊት በገናሌ ዶሪያ ከግራዚያኒ ጦር ጋር ገጠመ። ከሰማይ ቦምብና መርዝ ወረደበት፤ ውኃ ጥም አቃጥሎት ወደ ወንዝ የወረደውንም መትረየስ ጠበቀው። ነገሌም ጥር 11 ቀን፣ በጥምቀት ዕለት፣ በጠላት እጅ ገባች። በመልካ ዲዳ የሞተው ስዊድናዊ ረዳት ጉናር ሉንድስትሮም መባሉን መጻሕፍት ይነግሩናል፤ ከእርሱ ጋር የሞቱት ኢትዮጵያውያን ቁስለኞች ግን በቁጥር ብቻ ተነግረው ቀርተዋል። ራስ ደስታ የካቲት 17 ቀን 1929 ዓ.ም. ተረሸኑ፤ ለስማቸውም በአዲስ አበባ ሆስፒታል ቆሟል። ስንቁን ተሸክሞ በእግሩ የተከተላቸው ባላገርስ?

የኮመንዌልዝ መንግሥታት በምሥራቅ አፍሪካ ጦርነት ለወደቁ ወታደሮቻቸው በአዲስ አበባ የጦር መቃብር አላቸው። ስሙ የታወቀው ሁሉ በየድንጋዩ ላይ ተጽፏል፤ ሣሩም ይታጨዳል። ስለዚህ አንወቅሳቸውም፤ እንቀናባቸዋለን እንጂ።

«ለሕያው የሚጠጣ ውኃ ሳይዳረስ ለሙት ድንጋይ ማቆም ምን ይባላል?» የሚሉ አሉ። እብነ በረድ የጠየቀ የለም፤ የጠየቅነው መዝገብ ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሞት በመዝገብ እንዲጻፍ ደንግጎ ነበር፤ ነገር ግን ያ ክፍል ሥራ ላይ ሳይውል ከግማሽ ምዕት ዓመት በላይ ተኛ። አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። እስከዚያው ድረስ ሙታንን ማን ጻፈ? እድር ጻፈ! ለቀብር የወጣውን ገንዘብ ሲመዘግብ፣ ሳያስበው የከተማውን ታሪክ መዘገበ።

እንግዲህ ማዘጋጃ ቤቱ በአሮጌ መቃብር ላይ የመንገድ መሥመር ከማስመሩ በፊት የእድር ዳኞችን፣ የደብሩን አለቃ፣ የመስጊዱን ኢማምና የጉጂ ሽማግሌዎችን አንድ ላይ ያስቀምጥ። ስሙን፣ ዘመኑንና ሥፍራውን ይጠይቅ፤ አንድ ጸሐፊም ይጻፈው። ለዚህ ልዩ በጀት አያስፈልግም። ክረምቱ ሳይገባ ይጀመር፤ የእድር ደብተር እርጥበትና አይጥ አይችልምና።