ባዶ አዳራሽ ባለቤት አለው

የሸክላ ጥበብን ከሙዚየም መስታወት አውጥቶ በተዘጋ ፋብሪካ ወይም በተተወ መጋዘን ውስጥ ማሳየት በብዙ አገር የተወደደ ልማድ ሆኗል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የተላጠው ግድግዳ ዓይን ይስባል፤ ሰፊው ወለልም ጥበበኛውን እንደ ልቡ ያሠራዋል። እኔ ግን ስፍራው ለማማር ብቻ ሲመረጥ ዐውደ ርእዩ ከጅምሩ ይከስራል ባይ ነኝ። ባዶ የሆነ ቤት ሁሉ አንድ ጊዜ ሰዎች የወጡበት ቤት ነውና።

ለዚህ አብነት የሚሆነኝ በእንግሊዝ አገር፣ በስቶክ ኦን ትሬንት ከተማ የሚገኘው የስፖድ ፋብሪካ ነው። ከ1776 እ.ኤ.አ. አንሥቶ በዚያው ቦታ የገበታ ዕቃ ሲያመርት የኖረው ይህ ፋብሪካ በ2008 እ.ኤ.አ. ከስሮ ተዘጋ። በ2009 የተጀመረው የብሪታንያ የሸክላ ጥበብ ቢየናሌ ደግሞ ከ2011 አንሥቶ ለተከታታይ ዓመታት ሥራዎችን በእነዚያ ባዶ አዳራሾች አሳየ። በ2013 ኒል ብራውንስወርድ የተባለው የሸክላ ጥበበኛ ጡረታ የወጡ አንድ የሳህን ሠዓሊ ጋብዞ በጎብኚዎች ፊት ሥራ አስጀመራቸው። አዛውንቱ በተጣሉ ሳህኖች ጀርባ ላይ የፈራረሰውን ፋብሪካ ገጽታ ይስሉ ነበር። ጎብኚው ከሳህኑ ጋር፣ የሚስለውን እጅ ጭምር ተመለከተ።

«የፍርስራሹ ግርማ ሥራውን ይውጠዋል» የሚሉ አሉ። እውነት አላቸው፤ ሥራው ስለ ስፍራው የሚናገረው ከሌለ በርግጥ ይዋጣል። በስፖድ ግን ሥራና ስፍራ አንዱ የሌላው ምስክር ሆኑ።

ነገሩ ለእኛም ሩቅ አይደለም። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አውጥተው ነበር፤ ሆኖም «ሸክላ ሠሪ» የሚለው ቃል ከዚያም በኋላ ስድብ ሆኖ ዘለቀ። የቀጨኔ ሴቶች የሠሩት ጀበና በየቤታችን ቡና ሲያፈላ፣ እነርሱ ራሳቸው የጋን ውስጥ መብራት ሆነው ኖሩ።

ስለዚህ በአዲስ አበባ በአንድ ባዶ መጋዘን የሸክላ ዐውደ ርእይ ሊያሰናዳ የሚያስብ ቢኖር፣ ስለ መብራቱና ስለ መደርደሪያው ከመጨነቁ በፊት ሦስት ጥያቄ እንዲመልስ እሻለሁ። ከዚህ ቤት የወጡት እነማን ናቸው? የሠሪዎቹ ስም በየሥራቸው አጠገብ ተጽፏል? ከሽያጩስ ለእነርሱ ምን ይደርሳቸዋል?

እነዚህ ካልተመለሱ፣ አዳራሹ ምንም ቢያምር፣ ጀበናው ከገበያ መደብ ተነሥቶ ሌላ መደብ ላይ ተቀመጠ እንጂ ክብር አገኘ አይባልም።