የበርሊን ዲግሪ ለአዲስ አበባ ጣሪያ አይሆንም

ከዋናው የመብራት መስመር ጋር የሚገናኝ ሶላር በአዲስ አበባ ጣሪያ ላይ 30 ወይም 35 ዲግሪ አዘንብሎ መትከል ሊቀር ይገባል። ያ ልክ የተቀመረው ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ በደቡብ በኩል ለምታልፍበት እንደ ጀርመን ላለ አገር ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ በሰኔ የቀትር ፀሐይ ከአናታችን 14 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ታልፋለች። ያን ጊዜ ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ ያዘነበለ ፓኔል ከቀጥታው ጨረር ከሩብ በላይ ያጣል። ፈጽሞ ጠፍጣፋ ማድረግም አያዋጣም። ብሩህ ወራታችን ከጥቅምት እስከ ጥር ናቸው፤ ፀሐይም ያኔ በደቡብ ናት። በባትሪ ብቻ የሚኖር ቤት በጣም ደመናማውን ወር አስቦ ይተክላል፤ ከመስመር የተገናኘው ግን የሚመዘነው በዓመት ድምሩ ነው። ስለዚህ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ እመርጣለሁ። ከ10 በታች ከወረደ ዝናቡ አቧራውን በደንብ አያጥበውም። በዚህ መካከል የጥቂት ዲግሪ ልዩነት ምርቱን እምብዛም አይነካም፤ ቆርቆሮው ራሱ ወደ ደቡብ እንዲህ ካዘነበለ፣ ለብረት መቆሚያ የሚወጣው ብር ለተጨማሪ ፓኔል ይዋል። ባለቤቱም ከመክፈሉ በፊት ዲግሪው ለየትኛው ከተማ እንደተሰላ ባለሙያውን ይጠይቅ፤ መልስ ካላገኘ ውሉን አይፈርም።