ሰቃዮችን ለይቶ ማስተማር ምን ይጨምራል?

ልዩ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ተማሪ የሚቀበሉት አበጥረው ነው። በ8ኛ ክፍል ክልላዊ ፈተና ጥሩ ውጤት ያመጣ ልጅ ይመለመላል፤ የመግቢያ ፈተና ይፈተናል፤ መቁረጫ ነጥቡን ያለፈ ይገባል፣ በአንድ ነጥብ የጎደለበት ወደ ሰፈሩ ትምህርት ቤት ይመለሳል። ከአራት ዓመት በኋላ የገቡት በሙሉ ሲያልፉ ምስጋናው የትምህርት ቤቱ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ በሆኑ ጊዜ፣ ልዩ አዳሪዎቹ ጎልተው መታየታቸው ለብዙዎች ክርክሩን የቋጨ መስሎ ነበር። አልቋጨውም። ሰቃይ ሆኖ የገባ ልጅ ሰቃይ ሆኖ ቢወጣ፣ ትምህርት ቤቱ ምን እንደጨመረለት ከዚህ አይታወቅም።

ይህን ለመለየት ሁነኛው ዘዴ መቁረጫው አካባቢ ያሉትን ማየት ነው። ጆሹዋ አንግሪስትና ሁለት ባልደረቦቹ በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ በቦስተንና በኒው ዮርክ በፈተና ወደሚገባባቸው ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች ለጥቂት ያለፉትንና ለጥቂት የቀሩትን አነጻጸሩ። ሁለቱ ወገኖች በችሎታ አይለያዩም። የገቡት በጎበዝ ጓደኞች ተከበው ተማሩ፤ በኋላ በተፈተኗቸው ፈተናዎች ግን ከቀሩት እምብዛም አልበለጡም።

ምርጫውም ይስታል። የሥነ ልቡና ተመራማሪው ሉዊስ ተርማን በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በካሊፎርኒያ ልዩ ተሰጥኦ ያላቸውን ልጆች ለጥናት ሲመለምል ዊልያም ሾክሌይና ሉዊስ አልቫሬዝ ተፈትነው ወድቀዋል። ሁለቱም በፊዚክስ ኖቤል ተሸለሙ።

የቦስተኑን ውጤት እንዳለ ወደ ኢትዮጵያ ማምጣት ግን አያስኬድም። የቦስተኑ ልጅ ቢቀር የሚመለሰው መጽሐፍም ቤተ ሙከራም ወዳለው ትምህርት ቤት ነው። የገጠሩ ልጅ ሲቀር የሚጠብቀው አንድ መጽሐፍ ለብዙ ተማሪ የሚዳረስበት ክፍል ሊሆን ይችላል። አዳሪ የገባችው ልጅ ውሃ አትቀዳም፣ እንጨት አትለቅምም፤ ሦስት ጊዜ በልታ ማታ በመብራት ታጠናለች፣ መምህሯም ክፍለ ጊዜውን አይቀጣም። ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ ነገር ግን ከእነዚህ ውስጥ ለሰቃይ ብቻ የሚያስፈልግ አንድም የለም። መካከለኛዋም ተማሪ ብታገኘው ትሻሻልበታለች፣ ምናልባትም ይበልጥ።

ፈጣኑ ልጅ በእርግጥ የተለየ ፍላጎት አለው፤ የሚያውቀውን ደጋግሞ መስማት ያሰለቸዋል። ለእሱ የተሻለ ማስረጃ ያለው መፍትሔ ደግሞ ርካሽ ነው፦ ደብል መምታት። ክፍል ዘልለው ያለፉ ልጆች ከታላላቆቻቸው ጋር ተቀምጠው በትምህርታቸው እንደማይጎዱ የተከማቹት ጥናቶች ያሳያሉ። ይህ አጥር ያለው ግቢ አይጠይቅም፤ ልጁን የሚያውቅ መምህርና የሚፈቅድ ርእሰ መምህር ይበቃል።

ለልዩ አዳሪ የሚመደብ በጀት ከሌላው ትምህርት ቤት ድርሻ ላይ የሚነሣ እስከሆነ ድረስ ሒሳቡ በግልጽ ይቅረብ። የትምህርት ቢሮዎች መቶ በመቶ አሳለፍን ሲሉ፣ ተማሪዎቹ የገቡበትን ነጥብና ለጥቂት የቀሩት እኩዮቻቸው ያመጡትን ውጤት አብረው ያውጡ።