ደጅ የጋመ ከሰልም ይገድላል

ክረምት በመጣ ቁጥር የአዲስ አበባ እሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ያንኑ ማስጠንቀቂያ ይደግማል፤ ከሰል አቀጣጥላችሁ በተዘጋ ቤት አትተኙ። ምክሩ ትክክል ነው። ሰው በከሰል ጭስ ታፍኖ መሞቱ ግን አልቀረም፤ ዜናውም አብዛኛውን ጊዜ «በጥንቃቄ ጉድለት» ብሎ ይዘጋል። ይህ ድምዳሜ አይዋጥልኝም። ብርድ የበላው ሰው እኮ በራሱ መንገድ ይጠነቀቃል። የሚጠነቀቀው ግን ከሌላ ነገር ነው።

ልማዳችንን እንመልከት። ማንደጃው መጀመሪያ ደጅ ይወጣል፣ ይራገባል፣ ጭሱ እስኪያልቅ ይጠበቃል። ፍሙ ደም ሲመስል «አሁን ጭስ የለውም» ተብሎ ወደ ቤት ይገባል። ደጅ የቀረው ግን ዓይን የሚያቃጥለውና የሚያስለው ጭስ ብቻ ነው። ገዳዩ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ፣ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ከጋመ ፍም መውጣቱንም አያቆምም። ፍሙ አመድ ለብሶ አየር ሲያጥረው እንዲያውም ይብሳል። እንግዲህ ጥንቃቄያችን የሚያደርገው ሊያባንነን የሚችለውን ጭስ ደጅ አስቀርቶ ገዳዩን ማስገባት ነው። ይህ ጋዝ በደም ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል፣ ጉልበት ያሳጣል፤ የተኛ ሰው ግን አንዱም ሳይሰማው ያልቃል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት። አየሩ ስስ ነው፤ በአንድ ትንፋሽ የምናገኘው ኦክስጅን በባሕር ወለል ከፍታ ከሚገኘው በሩብ ገደማ ያንሳል።

ቤቱም ተለውጧል። የድሮው የጭቃ ቤት በግድግዳውና በጣራው መካከል ነፋስ ያሳልፍ ነበር። ጭሱ ዓይንና ሳንባ ሲፈጅ ኖሯል፤ አላወድሰውም። ቢያንስ ግን መውጫ ነበረው። የዛሬው የኪራይ ሰርቪስ ክፍል ብሎኬት ነው፤ ኮርኒሱ ተወጥሯል፣ በሩ ብረት ነው፣ መስኮቱ አንድ ነው፤ ስንጥቁም ብርድ እንዳያስገባ በጨርቅ ተወትፏል። እሳቱ ግን ያው የአያቶቻችን እሳት ነው።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ የአራስ ቤት ነው። አራሷን ብርድ እንዳይመታት በር ይዘጋል፣ መጋረጃ ይወርዳል፣ ከሰል ይገባል። ጠያቂ ሲመጣ ቡና ይፈላል፣ እጣን ይጨሳል። ሁሉም ከፍቅር ነው። ሕፃን ግን ከአዋቂ ፈጥኖ ይተነፍሳል፤ ለሰውነቱ ክብደት ሲታይ የሚስበው የተበከለ አየር ይበዛል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ሳቢያ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል፤ ከእነዚህ ውስጥ ከ237 ሺህ በላይ የሚሆኑት አምስት ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ናቸው። ስለ አራስ ብርድ የሚመክሩ አሮጊቶችን ማሳመን ቀላል አይደለም፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ግን በየቤቱ ስለሚገቡ ከእነሱ የተሻለ አስረጂ አይገኝም።

ነገሩ የድህነት ወይም ያለማወቅ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስለን። በየካቲት 2021 እ.ኤ.አ. የአሜሪካዋ ቴክሳስ በበረዶ ማዕበል መብራት ሲጠፋባት ሰዎች የከሰል ማንደጃ ቤት አስገቡ፣ ጋራዥ ውስጥም መኪና አስነሡ። ከ10 በላይ ሰዎች በዚሁ ጋዝ ሞቱ፤ ሂዩስተን ይኖሩ የነበሩ ኢትዮጵያውያንም ከሟቾቹ መካከል ነበሩ። ቴክሳስ ያኔ፣ አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች በየመኖሪያ ቤቱ እንዲገጠም የሚያስገድዱትን የጋዝ ጠቋሚ ደወል በግዛት ደረጃ አታስገድድም ነበር።

የእኛስ ግንበኛና ፈቃድ ሰጪ ምን ይላል? ለእያንዳንዱ የኪራይ ክፍል ተከራይ ሊዘጋው የማይችል የአየር መውጫ ከጣራው ሥር ማበጀት ከጥቂት ብሎኬት በላይ ወጪ የለውም። ጠቋሚ ደወሉም በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ዕቃ ነው፤ ያለ ቀረጥ ቢገባ በየሱቁ ይገኛል። «ኤሌክትሪክ ተጠቀሙ» የሚለው ምክር ግን የሚሠራው መብራት ሲኖር ነው። 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ዝናብ በዘነበ ማታ መብራት በጠፋ ቁጥር ግን የሰፈሩ ሰው ተመልሶ ወደ ከሰሉ ይሄዳል።

የአየር መውጫና ጠቋሚ ደወል የሚያስገድድ ሕግ እስኪመጣ ድረስ ቤቱን ሳይሆን ገላችሁን አሙቁ፤ ጋቢ፣ ቡልኮ፣ ሙቅ ውሃ የተሞላ ኮዳ በጨርቅ ጠቅልሎ እግር ሥር ማድረግ። መስኮት ገርበብ ማድረግ ይረዳል፤ ዋስትና ግን አይሆንም። ከመኝታ በፊት ፍሙን ደጅ አውጥታችሁ ውሃ አፍስሱበት። ቤት ውስጥ የወደቀ ሰው ካገኛችሁ በርና መስኮቱን ከፍታችሁ በፍጥነት ወደ ውጭ አውጡት፤ ወደ 939 ደውሉ። ወተት ማጠጣት ጋዙን ከደም አያስወጣም። ሐኪም ቤት የሚሰጠው ንጹሕ ኦክስጅን ነው የሚያስወጣው።